ጄምስ ብሬድዉድ፦ እሳትን ከሥሩ ያጠና ሰው

የአንድ ታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ ጻፉ ስንባል ክፍላችን ውስጥ ያልተጠራ ስም አልነበረም። ንጉሡም፣ ደራሲውም፣ ሯጩም፣ ዘፋኙም በየፊናው ተያዘ። እኔ የእሳት አደጋ ሠራተኛ መረጥኩ ስል አጠገቤ የተቀመጠው ጓደኛዬ ሌላ ሰው አጣህ ወይ ብሎ ሳቀብኝ። አልፈርድበትም። እኔም ብሆን ከአንድ ዓመት በፊት የሰውየውን ስም ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ፈተና ሲደርስ ኖት ኮፒ ለማስነሳት ወደ አንድ ሕንፃ ቤዝመንት ወረድኩ። መብራት ጠፍቶ ተመልሶ ሲመጣ ከወደ ጥጉ የተቃጠለ ገመድ ሸተተ፤ ብዙም ሳይቆይ ጥቁር ጭስ ይትጎለጎል ጀመር። ወረቀታችንን እንደያዝን በአንዲቱ ጠባብ ደረጃ እየተጋፋን ወጣን። እኛ ስንወጣ የሕንፃው ዘበኛ፣ ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው ትልቅ ሰው፣ ጋቢያቸውን አፍና አፍንጫቸው ላይ ጠምጥመው እሳት ማጥፊያ በእጃቸው ይዘው ብቻቸውን ወረዱ። እግዚአብሔር ይመስገን እሳቱ ገና ትንሽ ስለነበር ጠፋ። ጋሼም እያሳሉ ወጡ። እኛም አጨበጨብንላቸው። በኋላ ስለ ጄምስ ብሬድዉድ ማንበብ ስጀምር ግን ያ ጭብጨባ አሳፈረኝ። ለምን እንዳሳፈረኝ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። እስከዚያው ወደ ሰውየው እንሂድ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የአናጢው ልጅ

ጄምስ ብሬድዉድ በ1800 በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤድንብራ ተወለደ። አባቱ የቤት ዕቃ የሚሠራ አናጢ ነበር። ልጁ በከተማው ስመ ጥር በሆነው ሮያል ሃይ ስኩል ከተማረ በኋላ የግንባታ ሥራ ለመደ። ግድግዳ በምን እንደሚቆም፣ ወለል በምን ላይ እንደሚያርፍ፣ የትኛው እንጨት ምን ያህል ሸክም እንደሚችል በልጅነቱ አወቀ። ይህን ነገር አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ። ምክንያቱም ብሬድዉድ በኋላ ለሠራው ሁሉ መሠረቱ ይኸው ነው። እሳትን ከማወቁ በፊት ቤትን አወቀ።

በዚያ ዘመን ብሪታንያ ውስጥ እሳት ማጥፋት የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ጉዳይ ነበር። እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱ ፓምፕና የራሱ ሰዎች ነበሩት። ቃጠሎ ሲነሳ ሁሉም ይሮጣል፤ ሁሉም ያዛል፤ ማንም ማንንም አይሰማም። ውሃ የሚረጨውም በአብዛኛው ከመንገድ ላይ ቆሞ በመስኮት ነው። ጭሱን ይመታል፣ ግድግዳውን ያርሳል፣ እሳቱ ግን ውስጥ ተቀምጦ ሥራውን ይሠራል። የኤድንብራ ከተማ ይህን አይቶ በ1824 በአንድ አዛዥ ሥር የሚሆን የከተማ የእሳት አደጋ ቡድን አቋቋመ። በብሪታንያ የመጀመሪያው ነበር። አዛዥ እንዲሆን የተመረጠውም ገና የ24 ዓመቱ ብሬድዉድ ነው። ከእኛ ከተማሪዎቹ በሦስት ዓመት ቢበልጥ ነው!

ከተሾመ ብዙም ሳይቆይ ትልቁ ፈተና መጣ። ኅዳር 15 ቀን 1824 ማታ በአሮጌው ከተማ መሀል ከሚገኝ ማተሚያና የቅርጻ ቅርጽ ቤት እሳት ተነሳ። አሮጌው ኤድንብራ ቁልቁለት ላይ የተሠራ፣ ቤቱ በቤት ላይ የተደራረበ፣ መተላለፊያው ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ከተማ ነበር። እሳቱ ለቀናት ነደደ። 400 ያህል መኖሪያ ቤቶች ወደሙ፤ ሁለት የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ጨምሮ 13 ሰዎች ሞቱ። የብሬድዉድ ሰዎች ገና ሥልጠናቸውን አልጨረሱም። ከዚያ የባሰው ግን የትእዛዝ ብዛት ነበር። የከተማው ባለሥልጣን በአንድ በኩል፣ ሌላው ሹም በሌላ በኩል እየመጣ ሠራተኛውን ወዲህና ወዲያ ይጠራዋል። እሳቱ ከጠፋ በኋላ በተደረገው ማጣራት አዲሱ አዛዥ በጥፋት አልተያዘም። ይልቁንም በቃጠሎ ቦታ ትእዛዝ የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ሁለት ሹም ያለው ቤት ሳይነድ አያድርም የሚያሰኝ ነገር ነው።

ውሃው እሳቱን ይንካ

ከዚህ በኋላ ብሬድዉድ ሥራውን እንደ ትምህርት ያዘው። ለቡድኑ የመረጣቸው ሰዎች ግንበኞች፣ አናጢዎች፣ የጣራ ሠራተኞች፣ ቧንቧ ሠራተኞችና ብረት ቀጥቃጮች ናቸው። ምክንያቱም እነዚህ ሰዎች ቤት ውስጥ በጨለማ ቢገቡ እንኳ እግራቸው የሚረግጠው ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ልምምዱን የሚያሠራቸው ደግሞ ሌሊት ሊነጋጋ ሲል፣ ከተማው ተኝቶ ሳለ ነው። ቃጠሎ ብዙውን ጊዜ በጨለማ ስለሚመጣ ሰውየው ዕቃውን በጨለማ ማግኘት አለበት ብሎ ያምን ነበር። በ1830 ስለ ፓምፖች አሠራር፣ ስለ ሠራተኞች ሥልጠናና ስለ ማጥፊያ ዘዴ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። በእንግሊዝኛ ቋንቋ እሳት ማጥፋትን እንደ ሙያ በሥርዓት ካስተማሩት ቀዳሚው ነው ማለት ይቻላል።

የትምህርቱ ዋና ሐሳብ ቀላል ነው፤ ውሃው የሚነደውን ነገር ራሱን መንካት አለበት። ጭስ ላይ የተረጨ ውሃ የባከነ ውሃ ነው። ስለዚህ ሠራተኛው ወደ ውስጥ ገብቶ የእሳቱን መነሻ ማግኘት አለበት። ይሄ ዛሬ ስንሰማው ተራ ነገር ይመስላል። ያኔ ግን ከመንገድ ላይ ቆሞ መርጨት ለለመደው ሰው ትልቅ ለውጥ ነበር።

ግባ ማለቱ ግን ዝም ብለህ ግባ ማለት አልነበረም። መግቢያው ሕግ ነበረው። አንደኛ፣ ማንም ሰው የሚነድ ቤት ውስጥ ብቻውን አይገባም፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ያወጣዋል። ሁለተኛ፣ ቱቦው ተዘጋጅቶ ውሃ እስኪመጣ ድረስ በርና መስኮት ይዘጋ፤ አየር ያጣ እሳት ይዳከማል፣ በር የተከፈተለት ግን ይጠነክራል። ሦስተኛ፣ ጭስ ውስጥ ቆሞ መሄድ የለም፤ ጭስና ሙቀት ወደ ላይ ስለሚወጣ ሊተነፈስ የሚችለው አየር ወለሉ አጠገብ ነውና በእጅና በጉልበት መዳህ ነው። አራተኛ፣ ከመግባትህ በፊት የቤቱን አሠራር እወቅ።

ከመሬት በታች ያለው እሳት

ይህ ሁሉ ሕግ ከባድ ፈተና የሚገጥመው ከመሬት በታች ነው። አንባቢ ሆይ፣ የእናቶቻችንን ማዕድ ቤት አስብ። እሳቱ ከሥር፣ ምጣዱ ከላይ ነው። ቤዝመንት ሲነድ የላይኛው ክፍል ወለል ምጣድ ይሆናል፤ እዚያ ላይ የቆመ ሰው ምጣድ ላይ እንደቆመ ነው። ደረጃው ደግሞ የጭስ መውጫ ነው። ሙቀቱ ሌላ መውጫ ስለሌለው በዚያው ይትጎለጎላል። ሠራተኛው ወደ እሳቱ ለመድረስ የግድ በዚያ ጭስ መውጫ ውስጥ ወደ ታች መውረድ አለበት። ፎቅ ላይ ያለ እሳት ዘንድ ስትሄድ ሙቀቱ በላይህ ያልፋል፣ አንተ ከሥሩ ትድሃለህ። ቤዝመንት ስትወርድ ግን ከሁሉ የባሰውን ሙቀት ሰንጥቀህ ታልፋለህ። መዳሁም ደረጃው ላይ ብዙ አይጠቅምህም። መስኮት ስለሌለ ወይም ትንሽ ስለሆነ ጭሱ አይወጣም፤ መነሻውም አይታይም።

ብሬድዉድ ይህን ችግር በሚገባ ተረድቶት ነበር። መፍትሔውን ያገኘው ግን ከራሱ ሳይሆን ከፓሪስ ነው። የፓሪስ የእሳት አደጋ ጓድ አዛዥ የነበረው ኮሎኔል ፖለን በ1830ዎቹ ለዚሁ ለምድር ውስጥ ክፍሎች ቃጠሎ ብሎ አንድ ልብስ አሠራ። ከቆዳ የተሰፋ፣ ራስንና ደረትን የሚሸፍን፣ ዓይኑ ላይ መስታወት ያለው፣ ወገቡና እጅጌው ላይ በቀበቶ የሚጠበቅ ነው። ውጭ ያለው የእጅ ፓምፕ በውሃ ፈንታ አየር በቱቦ ወደ ልብሱ ይገፋል። ትርፉ አየር በወገብና በእጅጌ በኩል እየወጣ ጭሱን አያስገባም። ብሬድዉድ ይህን ልብስ ለንደን ውስጥ ለመጋዘን ጓዳዎችና ለመርከብ ሆዶች እንዲያገለግል አደረገ። የሌላ አገር ሰው የሠራውን አይቶ ይጠቅማል ብሎ መቀበል ራሱ አንድ ዕውቀት ነው።

ለንደን

ለንደን ያልኩት በ1833 ወደዚያ ስለተሻገረ ነው። አሥር የኢንሹራንስ ኩባንያዎች እርስ በርስ መሻማቱን ትተው ሠራተኞቻቸውን አንድ ላይ አደረጉና የሚመራቸው ሰው ከኤድንብራ አስመጡ። 80 ሠራተኞችና ጣቢያዎች ሰጡት። ለዚያ ሁሉ ከተማ 80 ሰው! ቤቱንም ቢሮውንም ዋትሊንግ ስትሪት ላይ በሚገኘው ዋና ጣቢያ አደረገና ለ28 ዓመታት ሌሊቱን ከደወል ጋር አደረ።

በጥቅምት 16 ቀን 1834 የእንግሊዝ ፓርላማ ተቃጠለ። ሕንፃው ኢንሹራንስ አልነበረውም፤ ስለዚህ የብሬድዉድ ሰዎች የመሄድ ግዴታ አልነበረባቸውም። ሆኖም 12 ፓምፖችና 64 ሰዎች ይዞ ሄደ። አብዛኛው ሕንፃ ቢጠፋም ከመካከለኛው ዘመን የቀረው የዌስትሚኒስተር አዳራሽ ተረፈ። በጥር 1838 ደግሞ የለንደን የንግድ ልውውጥ ቤት ሮያል ኤክስቼንጅ ነደደ። ሌሊቱ በጣም ከመቀዝቀዙ የተነሳ ውሃው በረዶ እየሆነ ሥራውን አሰናከለው።

ብሬድዉድ እንከን የለሽ ሰው አልነበረም። በእንፋሎት የሚሠራው ኃይለኛ ፓምፕ ሲመጣ ለረጅም ጊዜ በየብስ ላይ አልቀበልም ብሎ ቆይቷል። ሥጋቱ ውሃው ሩቅ መድረስ ከቻለ ሠራተኛው ተመልሶ መንገድ ላይ ይቆማል የሚል ነበር። የለንደኑ ቡድን የእንፋሎት ፓምፕ በየብስ ላይ መጠቀም የጀመረው በ1860 ገደማ፣ እሱ ሊሞት አንድ ዓመት ሲቀረው ነው። አንድን እውነት አጥብቆ የያዘ ሰው አንዳንዴ ሁለተኛውን እውነት ለማየት ይዘገያል።

ያልተሰማው ማስጠንቀቂያ

ለእኔ የዚህ ሰው ታሪክ ልብ የሚነካው እዚህ ላይ ነው። በ1840ዎቹ የለንደን ነጋዴዎች በቴምዝ ወንዝ ዳር ግዙፍ መጋዘኖች ይሠሩ ነበር። ምሰሶውና ማገሩ ብረት፣ ግድግዳው ጡብ ስለሆነ እሳት አይነካቸውም ተብሎ ይወራላቸው ነበር። ብሬድዉድ ግን በ1849 በሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር ፊት ጽሑፍ አቅርቦ ነገሩ እንደሚባለው እንዳልሆነ አስረዳ። ብረቱ ባይነድም ውስጡ ያለው ዕቃ ይነድዳል። በዚያ ሙቀት ብረት ጉልበቱን ያጣል፤ ሲግል ደግሞ ይለጠጥና ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያርፍበትም ሊሰነጠቅ ይችላል። እንጨት እየተቃጠለ ሲሄድ ያሳውቃል፤ ብረት ግን በድንገት ይጥላል። መጋዘን ከልክ በላይ መግዘፍ እንደሌለበት፣ ክፍሎቹም በግንብና በብረት በር መለያየት እንዳለባቸው ደጋግሞ ተናገረ። ሰሚዎቹ ሊቃውንት ነበሩ፤ ጽሑፉም ታትሟል። መጋዘኖቹ ግን እንደነበሩ ቀጠሉ።

ሰኔ 22 ቀን 1861 ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቱሊ ስትሪት አጠገብ ኮተንስ ዋርፍ በሚባለው ወደብ መጋዘን ውስጥ እሳት ተነሳ። ውስጡ ጥጥ፣ ቃጫ፣ ሞራ፣ ስኳር፣ ቅመማ ቅመም ሞልቶበታል። ክፍሎቹን የሚለዩት የብረት በሮች ነበሩ፤ ግን ክፍት ተትተው ነበር። አስቡት! በሩ አለ፣ የተሠራውም ለዚሁ ቀን ነው፣ የዘጋው ግን የለም። መጀመሪያ ላይ ውሃም በበቂ አልተገኘም። ብሬድዉድ ደርሶ ሰዎቹን አሰማራ። ከዚያም በሙቀቱ የደከሙትን እየዞረ ሲያበረታታና ብራንዲ ሲያስቀምስ ማምሻውን አንድ ግድግዳ ወደ ውጭ ተደርምሶ ከአንድ ሠራተኛው ጋር ቀበረው። ዕድሜው 60 ነበር። ከ12 ዓመት በፊት እንደሚሆን ያስጠነቀቀው ነገር እሱ ራሱ ላይ ደረሰ።

አስከሬኑን ከፍርስራሹ ለማውጣት ቀናት ፈጀ። እሳቱ ፈጽሞ እስኪጠፋ ሁለት ሳምንት ያህል ወሰደ። ሰኔ 29 ቀን በተደረገው የቀብር ሥነ ሥርዓት ለቀስተኛው ከአንድ ማይል በላይ ተሰልፎ ወደ አብኒ ፓርክ የመቃብር ቦታ ሸኘው። ኢንሹራንስ ኩባንያዎቹ ከዚያ ቃጠሎ ኪሳራ በኋላ ይህን ሸክም ብቻችንን አንችልም ብለው ለመንግሥት አመለከቱ። በ1865 ሕግ ወጣ፤ በ1866 መጀመሪያም በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር የለንደን የእሳት አደጋ ብርጌድ ሥራ ጀመረ። በኤድንብራም በ2008 ሐውልት ቆመለት።

ዛሬ ቢነሳ ምን ይታረም ነበር?

የብሬድዉድ ትምህርት ሁሉ እንዳለ አልቀረም። በተለይ ስለ ቤዝመንት ያለው ዕውቀት ተለውጧል። ግንቦት 30 ቀን 1999 የብዙ ወገኖቻችን መኖሪያ በሆነችው ዋሽንግተን ዲሲ አንድ መኖሪያ ቤት ቤዝመንቱ ነደደ። ሠራተኞች በላይኛው ወለል ላይ እያሉ የቤዝመንቱ የኋላ የመስታወት በር ተከፈተ። አየር ያገኘው እሳት ተንቦለቦለ፣ ትኩሱ ጋዝም በደረጃው ሽቅብ መጥቶ ሁለት ሠራተኞችን ገደለ። የአሜሪካ ብሔራዊ የስታንዳርድና ቴክኖሎጂ ተቋም በኋላ ሁኔታውን በኮምፒውተር ሲያጠና የታየው ይኸው ነው፤ ደረጃው የጭስ መውጫ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ የተደረጉ የሙከራ ቃጠሎዎች የቆየውን ልማድ ገለበጡት። ድሮ የሚባለው በቤቱ ውስጥ ገብተህ በደረጃው ተዋግተህ ውረድ ነበር። አሁን ግን ከተቻለ በመጀመሪያ ከውጭ፣ በቤዝመንቱ መስኮት ወይም በራሱ በር በኩል እሳቱን በውሃ ምታ፤ ሲበርድ ግባ ይባላል። ከውጭ የተረጨ ውሃ እሳቱን ወደ ላይ ይገፋል የሚለው ፍርሃትም በሙከራው አልተረጋገጠም። ወለሉም ሌላ ጉዳይ ነው። በ2008 በአሜሪካ በተደረገ የምድጃ ሙከራ ከድሮው ወፍራም እንጨት የተሠራ ወለል ከ18 ደቂቃ በላይ ሲቆም፣ ከሥሩ መሸፈኛ የሌለው የዘመኑ ስስ ተገጣጣሚ ማገር በ6 ደቂቃ ገደማ ወድቋል። ሙቀት የሚያሳይ ካሜራ ቢያዝ እንኳ ከላይ ሆኖ የወለሉን ድካም በአስተማማኝ ሁኔታ ማወቅ አይቻልም።

ታዲያ ብሬድዉድ ተሳሳተ ማለት ነው? አይመስለኝም። ከውጭ በመስኮት የሚረጨው የዛሬው ሠራተኛም ቢሆን ዓላማው ውሃው የሚነደውን ነገር እንዲነካ ነው። ብቻህን አትግባ፣ በሩን ያለ ውሃ አትክፈት፣ ቤቱን እወቅ፣ አንድ ሰው ይዘዝ የሚሉት ሕጎች ሁሉ ዛሬም የሚሠራባቸው ናቸው። የተለወጠው መግቢያው ነው።

አሁን ወደ ጋሼ ልመለስ። ያን ቀን ያጨበጨብነው ብቻቸውን፣ በአንዲት ደረጃ፣ በጋቢ ተሸፋፍነው ስለወረዱ ነው። ጋቢ የሚያስለውን ጭስ ቢቀንስ መርዙን አየር አያግድም። እሳቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ቢሆን ኖሮ የምናጨበጭብላቸው ሰው ሳይሆኑ የምንቀብራቸው ሰው ይሆኑ ነበር። ሁለተኛ መውጫ ለምን የለም፣ ደረጃው ሥር ያ ሁሉ ካርቶን ለምን ተከመረ ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን አንድ እንኳ አልነበረም። እኔም ጋዜጠኝነት የምማረው ሰውዬ አልጠየቅኩም፤ ኮፒዬን ቆጥሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

የብሬድዉድን ሞት ለንደን በሙሉ ወጥቶ አለቀሰለት። የ1849ኙን ጽሑፉን ግን ስንት ሰው አነበበው? እኛ ነገ ማይክራፎን የምንይዝ ልጆች እሳት ከጠፋ በኋላ ሄደን የንብረቱን ግምት መጻፍ እንችላለን፤ ጀግናውንም ማወደስ እንችላለን። ከዚያ በፊት ግን ሳይነድ ሄዶ በሩ ይዘጋል ወይ፣ ሌላ መውጫ አለው ወይ ብሎ መጠየቅ የእኛ ሥራ ነው። እኔ በሚቀጥለው ሳምንት ወደዚያ ቤዝመንት እወርዳለሁ፤ ጋሼንም አነጋግራለሁ። የመጣሁት ኮፒ ለማስነሳት እንዳልሆነ ቀድሜ እነግራቸዋለሁ።

ቸር ይግጠመን።